የራዲያተሩ አፈር

ያርጋል በቅሎዎቹን ከሸጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አልቻለም። አሥራ አንድ ዓመት ከደባርቅ እስከ ስሜን ተራሮች ሰፈር ጨነቅ የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ሲመላለስ ኖሯል፤ አሁን እጁ ልጓም እየፈለገ ያጣል። ምግብ ቀርቦለት ይነሳል፤ ባዶውን ጋጣ አይቶ ይመለሳል። ሚስቱ ዓለምዬ ትናንት፣ «ወይ መኪናውን ግዛ፣ ወይ ተቀመጥ፤ እኔን አዞርኸኝ» ብላዋለች።

መኪናው የጋሽ አሻግሬ ሚኒባስ ነው። ጋሽ አሻግሬ በደባርቅና በአዲ አርቃይ መካከል ብዙ ዘመን ነድተውት፣ ዓይናቸው ስለደከመ ሊሸጡት ነው። ያርጋል መንጃ ፈቃድ ያወጣው አምና ነው። ስለ ሞተር የሚያውቀው ማስነሳትና ማጥፋት ብቻ ነው። በቅሎ ብትሆን ጥርሷን ከፍቶ፣ ኮቴዋን አንስቶ፣ ጀርባዋን በመዳፉ ዳስሶ ዕድሜዋንም ተንኮሏንም ይናገር ነበር። መኪና ጥርስ የለውም። ዛሬ ከተሳሳተ ኮቴም ጎማም የሌለው ሰው ሆኖ ይቀራል።

የደባርቅ መካኒኮች ከጋሽ አሻግሬ ጋር ማኅበር የሚጠጡ ናቸው። አንዳቸውም ፊት ለፊታቸው «ሞተርህ ታሟል» አይሉም። ስለዚህ ያርጋል ማለዳ ዳባት ወርዶ ሸሀቡ የሚባለውን መካኒክ ይዞ ተመለሰ። ሸሀቡ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። መንገድ ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሞተሩ ሳይነሳ እንድረስ። የሞቀ ሞተር ይዋሻል።»

ጋሽ አሻግሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ነበር። የሸሀቡን የመፍቻ ቦርሳ አዩት።

«ከዳባት ድረስ ሐኪም አመጣህብኝ? ደባርቅ ሐኪም አልቆ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ስለማላውቅ ነው።»

«እኔን አታውቀኝም?»

«አንቱንማ አውቃለሁ። ሞተሩን ነው።»

ሸሀቡ ተነጋግረው እስኪጨርሱ አልጠበቀም። ከመኪናው ሥር ተኝቶ ገባ፤ ወጣ። ጎማዎቹን በእጁ ነቀነቀ። በሮቹን እየከፈተ ዘጋ። ያርጋል በመኪናው ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለተኛ ሊዞር ሲል ሸሀቡ፣ «ጥላህን ከላዬ አንሳልኝ» አለው። ከዚያ የጋቢናውን ወንበር ገልብጦ የቀዘቀዘውን ሞተር ገለጠ፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ጣቱን አጠለቀና አውጥቶ አየው።

«ምነው?» አለ ያርጋል።

ሸሀቡ ጣቱን አሳየው። ውሃው ቡናማ ነበር፤ ወፍራም፣ እንደ ጭቃ።

«ቴስታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተበልቷል። ዘይት ወደ ውሃው ገብቷል። ሞተሩ ወርዶ ካልተሠራ ይህ መኪና አይሄድም።» መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ጋሽ አሻግሬ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። «ኪዳነ ምሕረትን! ዘይት? ምን ዘይት? ይህን ሞተር ካሠራሁት ዓመቱ ነው! አንተ ልጅ፣ መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

ሸሀቡ መሰብሰቡን ተወ። የዘይቱን መለኪያ ብረት ሳብ አደረገና አየው። ዘይቱ ንጹሕ ነበር፤ ቴስታው ቢበላ ውሃ ይገባበት ነበር። ግንባሩን ቋጠረ። ያርጋል ዝም ብሎ መቆም ስላልቻለ እሱም ጣቱን ራዲያተሩ ውስጥ ነከረ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሸው፤ ደግሞ አሸው።

«ሸሀቡ፣ ይኼ አያሙለጨልጭም።»

«ምን?»

«ዘይት ቢሆን ያሙለጨልጭ ነበር። ይኼ ይሻክራል። አፈር ነው።»

አሸተተው። ልጅ ሆኖ በታመመ ቁጥር እናቱ ግንባሩ ላይ የምትቀባው ነገር ሽታ ነበረው። ቀና ሲል የጋሽ አሻግሬ ሚስት እትዬ ሠርካለም በሩ ላይ ቆመው መቀነታቸውን ያጠብቃሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አንቺ ምን?» አሉ ባላቸው።

«እምነት ነው፤ ከደረስጌ ማርያም ያመጣሁት። በጸበል በጥብጬ ጨመርሁበት።»

ሸሀቡ ጣቱን ሱሪው ላይ ሊጠርግ እጁን ሰዶ ነበር፤ መለሰው። እጁን አየር ላይ እንደያዘ፣ «እትዬ፣ የት ልታጠበው?» አለ።

«ግዴለም የኔ ልጅ። እግር የማይረግጠው ቦታ ይሁን እንጂ።»

ጋሽ አሻግሬ በሣቅ ፈነዱ። «ሰማህ! ቴስታ አይደለም! ሚስቴ ናት!» የያርጋልን ትከሻ መቱ። ያርጋልም ሣቀ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሣቁ ግን ሳያልቅ ሌላ ሐሳብ መጣበት።

«እትዬ፣ ለምን ጨመሩበት?»

«ምን ለምን አለው! ሊማሊሞ አቀበት ላይ እየፈላ አልወጣ ቢለው ነዋ! አንድ ክረምት ሙሉ ውሃ ተሸክሜ ስከተለው!»

«ሠርኬ!» አሉ ባላቸው።

«ምን ሠርኬ ትለኛለህ? ላልታመመ እምነት ይቀባል?»

ጋሽ አሻግሬ ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡ። «የድሮ ነው» አሉ ለያርጋል። «ከዚያ ወዲህ ድኗል።»

«በምን አወቅህ? ከዚያ ወዲህ ከገበያ ሌላ የት ሄዶ ያውቃል?» አሉ ሚስታቸው።

ሸሀቡ ራዲያተሩ መታጠብ እንዳለበት ተናገረ። ከሥር ፈታው። ቡናማው ውሃ በሳፋ ተጠራቀመ። እትዬ ሠርካለም እግር የሚረግጠው መሬት ላይ እንዳይደፋ ስላስጠነቀቁ ያርጋል ሳፋውን እየተሸከመ ከአጥሩ ጥግ ካለው ጽድ ሥር አፈሰሰው። አራት ጊዜ ተመላለሰ። የሚሸከመው ነገር በማግኘቱ ደስ አለው። በአምስተኛው ንጹሕ ውሃ ወረደ፤ ሸሀቡ ሞላውና ክዳኑን ገጠመ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ጭስ የለውም። ቆመው አዳመጡት። የሙቀት መለኪያው ቀስት መሐል ላይ ደረሰና ቆመ።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ አሻግሬ።

ያርጋል ቀስቱን አየ፤ የግቢውን ደልዳላ መሬት አየ። «በቅሎ በሜዳ አትገዛም ጋሼ። ጭነን ሊማሊሞ እንውረድ።»

ሸሀቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ጋሽ አሻግሬ ግን ቀስቱን ደግመው አዩት፤ ከዚያ ወደ ጎተራው አመለከቱ። ስድስት ጆንያ ገብስ ጫኑ። እትዬ ሠርካለም፣ «እኔም ከአንድ ጆንያ አላንስም» ብለው ተሳፈሩ። እጃቸው ላይ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ነበር። ያርጋል ጀሪካኑን አይቶ መሪው ጋ ተቀመጠ።

ቁልቁለቱ ቀላል ነበር። ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ያርጋል መኪናውን አዙሮ በሁለተኛ ማርሽ አቀበቱን ያዘ። ጋሽ አሻግሬ ከጎኑ፣ ሸሀቡ ከኋላው ነበሩ። አንደኛውን ኩርባ ወጡ። ቀስቱ ከመሐል ትንሽ አለፈ።

«መንገዱን እይ» አለ ሸሀቡ። «ቀስቱን እኔ አይልሃለሁ።»

ሁለተኛውን ወጡ። ያርጋል መሪውን አጥብቆ ያዘ። ከግራው ገደል፣ ከኋላው ስድስት ጆንያ፣ ከእጁ ሥር ደግሞ ገና ያልገዛው መኪና ነበር። በቅሎዎቹ አሁን የት አቀበት ላይ ይሆኑ? ጋሽ አሻግሬ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፈው፣ ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ይዳስሱታል።

«አቁም» አሉ።

«ገና ነው ጋሼ፤ ቀይ አልደረሰም» አለ ሸሀቡ።

«አቁም አልሁህ። ከዚህ ኩርባ ወዲያ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ።»

ያርጋል ዳር ይዞ አቆመ። ሸሀቡ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። ወዲያው ከወንበሩ ሥር የእንፋሎት ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ ወፍራም። ሁሉም ወረዱ።

«ወይ ቴስታው ነው፣ ወይ ራዲያተሩ ራሱ» አለ ሸሀቡ። «ሳይፈታ አይታወቅም።»

ጋሽ አሻግሬ ያርጋልን አላዩትም። «አንተ ጨነቅ ልትሠራበት ነው ሲሉ ሰማሁ። ሊማሊሞን ካልነካው ምን ይሆናል ብዬ ነው።»

«ጨነቅም አቀበት ነው ጋሼ።»

«አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «አቀበት ነው።»

«ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ ድና ነው ገበያ የምትወጣ። ያሠሩትና እዚሁ ኩርባ ላይ ጭነን እናየዋለን። ካለፈ እገዛለሁ። ካላለፈ አልገዛም።»

«እስከዚያ ሌላ ገዥ ቢመጣስ?»

«ይምጣ። እሱም እትዬን አሳፍሮ ይፈትነው።»

እትዬ ሠርካለም ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ሣቁ። ባላቸው አልሣቁም፤ ቆይተው ግን ከንፈራቸው ላላ።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ያርጋል መቀመጥ አልቻለም። ኩርባዎቹን የሚያቋርጠውን የጥንቱን የበቅሎ መንገድ ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ተራመደ፣ ቆመ። በመጨረሻ ሚኒባሱ በሸሀቡ ነጂነት፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ፣ እያረፈ ደረሰ። ጋሽ አሻግሬ መስታወቱን አወረዱ።

«ሰኞ ዳባት እወስደዋለሁ፤ እሱው ይፍታው። ግባ በል።»

ያርጋል ከኋላ ገብቶ ገብሱ ላይ ተቀመጠ። እስከ ደባርቅ የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጥ ሄደ። ለሰኞ ስንት ቀን እንደቀረ ቆጠረ፤ ሦስት ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ደግሞ ቆጠረው።