የባላምባራስ ጓንጉል ጎራዴ

መሪጌታ ሙላው ሁለቱን ጎራዴዎች ከአፎታቸው አውጥተው በጋቢያቸው ላይ አጋደሙና ቻላቸውን ወደ ፊት ጠሩት። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ድንጋያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ክርክሩ ሦስት ክረምት አልፎታል። ባላምባራስ ጓንጉል፣ ከአፄ ቴዎድሮስ መንገሥ በፊት ሲሞቱ፣ ጎራዴያቸውንና የወንዝ ዳሩን እርሻ ለበኩር ልጃቸው እንደተዉ ማንም አይክድም። በኩሩ የማን ቅድመ አያት እንደነበረ ግን ምስክሩ ሁሉ ተምታታ። የቻላቸው አባት አቶ እንየው ጎራዴው እኔ ቤት ነው ይላሉ፤ የአጎታቸው ልጅ ወይዘሮ ተዋበችም እኔ ቤት ነው ይላሉ። የአውራጃው ፍርድ ቤት ወደ ሽማግሌ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹም እውነተኛው ጎራዴ የተገኘበት እርሻውን ይያዝ አሉ። የሚለየው ሰው አልጠፋም፤ ቻላቸው አምስት ዓመት ጀርመን አገር ስለ ብረት ተምሮ ከተመለሰ ሳምንቱ ነው። ያየውን እንዳይደብቅ በግዝት አሰሩት።

እንቢ ለማለት ሞክሮ ነበር። ብረት የት እንደተሠራ ይናገር እንደሆነ እንጂ በማን ወገብ ላይ እንደዋለ አይናገርም ቢላቸው፣ ታዲያ ምን ተምረህ መጣህ ብለው ሳቁበት።

"እንደ ሙሽራ ኩለህ አመጣኸው፣ አያ እንየው" አሉ ወይዘሮ ተዋበች።

"ያንቺማ ዝገቱ ባይዘው ይበተን ነበር።"

ቻላቸው መጀመሪያ የተዋበችን አነሣ። መዶሻው ያረፈበት ሁሉ ይታያል፤ የአገር ቀጥቃጭ ሥራ ነው። የመቶ ዓመትም የሠላሳ ዓመትም ሊሆን ይችላል። የአባቱን ሲያነሣ ስለቱ ላይ አንበሳ ተቀርጿል፤ ከሥሩም "ሞዓ አንበሳ" ይላል። ፊደሉ ሁሉ እኩል፣ የአንበሳው ጎፈር ሁሉ እኩል። በእጅ የተቀረጸ አይመስልም፤ የማሽን ሥራ ነው።

"እጀታው ሥር እይ" አሉ አቶ እንየው ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። "ሦስት ቀን በአመድ ፈትጌ ያወጣኋት ማኅተም አለች። የንጉሥ ማኅተም ናት፤ የሚያነባት አጥተን ነው። አንብብላቸው፣ ልጄ።"

ጎንበስ ብሎ አየ። በፈረንጅ ፊደል ዞሊንገን ይላል፤ አጠገቡ 1905። የተማረባት ከተማ ናት። ማደሪያው ፊት ለፊት፣ የጎራዴና የቢላዋ ፋብሪካ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀጠቅጥ እንቅልፍ ይነሣው ነበር።

ቀና ሲል አባቱ ፈገግ ብለው ያዩታል። ያ እርሻ ከሄደ የሚቀራቸው ገብስ እንኳ የማይይዝ ጭንጫ ነው። ቻላቸው ፊደል የለየው በዚያ እርሻ እህል ነው።

"አንብብ እንጂ" አሉ መሪጌታ። "ግዝት አለብህ።"

"የከተማ ስም ነው፣ የኔታ። የጀርመን ከተማ። ዓመቱም ተጽፏል። ባላምባራስ ሲሞቱ ይህ ጎራዴ ገና አልተሠራም።" ወደ ሌላው ጎራዴ አመለከተ። "የእትዬ ተዋበች የባላምባራስ ነው ማለቴ ግን አይደለም..."

የወይዘሮ ተዋበች ወገን እልልታ ንግግሩን ዋጠው። መሪጌታም ተነሥተው እርሻው የወይዘሮ ተዋበች ነው ብለው ፍርዱን መናገር ጀምረዋል።

አቶ እንየው ማኅተሟን በጣታቸው ነኩ። "ራሴ ነኝ ያወጣኋት" አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። ጎራዴውን እዚያው ትተው ወደ ቤታቸው በሚወስደው ቁልቁለት ብቻቸውን ወረዱ።

ወይዘሮ ተዋበች ቻላቸውን በክንዱ ይዘው ቤቴ ጠላ ሞልቷል፣ ዛሬ እኔ ዘንድ ነህ አሉት። እሱ ግን ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ጓዙ የተጫነባት በቅሎ ከአጥሩ ታስራለች፤ ሽምግልናው እንዳለቀ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያም በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር። የአባቱን ጎራዴ ወደ አፎቱ መልሶ በብብቱ ያዘ። በቅሎዋን ፈታና ራሷን ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ አባቱ ጀርባ አዞረ።