ድንጋዩ ሊያልቅ ነው

ባሌ ሰውነት ከሞተ ሰባት ወሩ ነው፤ ድምፁ እየጠፋብኝ መጣ። መልኩስ ይኸው ግድግዳ ላይ አለ። ድምፅን የት ይሰቅሉታል?

እኛ በካሴት ነበር የምንጻጻፈው። መተሐራ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሲወርድ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ደብዳቤ ቢልክ የሚያነብልኝ ሰው ለሞላሌ ከተማ ሁሉ ነው የሚያነበው። "ምስጢሬን ገበያ ከምታወጣው ዝም በል!" አልኩት። ቴፕ ገዝቶልኝ ሄደ፤ እሱ እዚያ የጓደኛውን ይዋሳል። ካሴቱ ግን አንድ ብቻ ነበር። ተናግሮበት ይልክልኛል፤ ሰምቼ በላዩ ላይ መልሴን እቀዳና በአውቶቡስ ረዳት እመልስለታለሁ። የሱ ድምፅ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ያኔ ምን ገደደኝ? የድምፁ ባለቤት በሕይወት አለ!

ከመተሐራ ጠቅልሎ ሲመለስ ይዞት የገባውን ካሴት ባለፈው ሳምንት ከሣጥን ሥር አገኘሁት። ልጄን የምሥራችን፣ "ለቴፑ ስድስት ድንጋይ ግዢልኝ" ብላት ዓይኗን አፈጠጠች።

"እማዬ፣ ድንጋይ ደጃችን ሞልቶ የለም እንዴ?"

ወይ የዛሬ ልጅ! የባትሪ ድንጋይ ሲደክም በጥርስ ነክሰን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን ስንገለገል የት አይታ ታውቃለች።

የካሴቱ ክር ተበጥሷል። ድሮ ቴፕ፣ ዛሬ ስልክ ወደሚጠግነው መርስዔ ኃዘን ወሰድኩት። በፕላስተር ቀጥሎ፣ በእርሳስ አጠንጥኖ ከፈተው። አምላኬን "አንዴ ብቻ አሰማኝ" እያልኩ ተጠጋሁ።

"አንተ የማታፍር! ለፋሲካ እመጣለሁ ብለህ እኔና በጉ ተፋጠን ዋልን። በቃ፣ አላናግርህም!"

ቋ! ብዬ የዘጋሁት ሳይቀር ይሰማል። የራሴው ድምፅ ነው፤ የዚያን ዘመኗ በዛወርቅ። መርስዔ ኃዘን ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። በገዛ ምላሴ አጥፍቼዋለሁ።

"ዝጋው" አልኩት።

"ትንሽ ይታገሡ እንጂ፣ እትዬ በዛወርቅ። ክሩ አላለቀም።"

ሽሽሽ ሲል ቆየ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ፣ የልጅ የሚመስል።

"ድንጋይ ደክሞ የተቀዳ እንዲህ ይቀጥናል" አለኝ መርስዔ ኃዘን።

"…በዙዬ፣ ድንጋዩ ሊያልቅ ነው። ደግሞ ስድብሽን እንዳታሳጥሪብኝ፣ አደራ። አስረዝመሽ ስደቢኝ፤ አጠገቤ ያለሽ ይመስለኛል።"

ሰውነት! ሰውነቴ! ያን ጊዜ ተናድጄ አደራውን በላሁ፤ በሁለት ቃል ዘጋሁት። ረዘም አድርጌ ሰድቤው ቢሆን ኖሮ ይህችም አትተርፍልኝም ነበር።

"ወደ ስልክ ልገልብጥልዎ?" አለኝ መርስዔ ኃዘን።

"ገልብጥልኝ፣ ልጄ።"

"ስድቡን ልቁረጠው?"

"ኧረ ተው! እሱን አታሳጥሪ ተብያለሁ።"