የተውሶ አባት

ሽማግሌ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው ዮርዳኖስ ስለ እጮኛዋ የተጻፈውን ከስልኳ ላይ ለአያቷ አነበበች። ልትኮራበት ነበር። "አባቱ ዝነኛው የዘንገና ፈረሰኛ ባንተአምላክ ናቸው" የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እምዬ ካሳነሽ የሚለቅሙት ምስር ከነሰፌዱ ከጉልበታቸው ተንሸራተተ።

በቅርቡ የሞተው ባንተአምላክ የአጎታቸው ልጅ ነበር። በእነሱ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። አሸናፊ የባንተአምላክ ልጅ ከሆነ ሰርጉን ማሰቡም ነውር ነው። የሟቹን ልጆች ያውቋቸዋል፤ አሸናፊ የሚባል የለባቸውም። ግን ሰውዬው በየመንደሩ ፈረሱን ሲያስር የኖረ ነው፤ የት የት እንደወለደ በምን ይታወቃል?

"ማነው ይሄን የጻፈው?"

ዮርዳኖስ ማን እንደጻፈው አታውቅም። በሦስት ቦታ እንዳየችው ብቻ ነገረቻቸው።

"አንዱ ያወራውን ሁለት ሰው ቢደግመው ሦስት ምስክር ሆነ? ስም የሌለው ምስክር የት አገር ነው የሚቆመው?"

አሸናፊ ሁለት ዘፈን ዘፍኖ ስሙ የወጣ ልጅ ነው። ዮርዳኖስ ደውላ ስለ አባቱ ብትጠይቀው ሰርጉ ይለፍና እነግርሻለሁ አላት። የእምዬ ካሳነሽ ልብ ይብሱን ተሰቀለ።

በማግስቱ ከእንጅባራ በሚኒባስ ተሳፍረው ዳንግላ ወረዱ፤ ልጁ ያደገው እዚያ ነው። ጋሪ ተራው ላይ ቢጠይቁ ባለጋሪዎቹ ተያዩና ፈረሱን ውኃ ወደሚያጠጣ ሰው አመለከቷቸው። መልኩ ቁርጥ አሸናፊን።

"አባቱ እኔ ነኝ፤ ውዱ እባላለሁ" አላቸው።

የተጻፈውንም ተሳፋሪዎች አንብበውለታል። "ፈረሰኛ ማለታቸው ውሸት አይደለም አልኳቸው። ፈረስ መቼ አጣሁ?" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

እምዬ ካሳነሽ በመልክ አይታለሉም። "ቁጠር" አሉት።

ውዱ አባቶቹን በጣቱ ይቆጥር ጀመር። አምስተኛው ላይ "ደረሰ" ሲል እምዬ ካሳነሽ አስቆሙት፤ የእሳቸውም አምስተኛ አባት ደረሰ ነው።

"የየት አገሩ ደረሰ?"

"ጫግኒ ተወልዶ ጫግኒ የተቀበረው።"

የእሳቸው ከዘንገና ወጥቶ አያውቅም። ሰባተኛው ድረስ አልተገናኙም፤ በልጁ እናት በኩልም አስቆጠሩት፣ አልተገናኙም። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

"እሁድ ሽማግሌ እንደሚላክ ልጅህ ነገረህ?"

ውዱ የፈረሱን አንገት መዳበስ ያዘ። አልነገረውም።

እንጅባራ እንደተመለሱ በዮርዳኖስ ስልክ ለአሸናፊ አስደወሉ። ልጁ እየተንተባተበ አንድ ጋዜጠኛ የማን ልጅ ነህ ቢለው ባለጋሪ ማለት አፍሮ ሲሰማው ያደገውን ስም እንደጠራ፣ አሁን ግን እንደሚያስተካክለው ተናገረ።

"የስልኩን ተወው። እሁድ ራስህ አባትህን ይዘህ ና። እሱ ካልመጣ ልጄን አታያትም።"

እሁድ ረፋድ ላይ ዮርዳኖስ ደጅ ደጁን ታያለች። እምዬ ካሳነሽም ጭንቀታቸው እንዳይታወቅባቸው ነጠላቸውን እያጣፉ መልሰው ይፈቱታል። አባቱን ባንድ ቃል የለወጠ፣ ነገ ሚስቱንስ?

ሚኒባስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ወረዱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውዱ የለም። ዮርዳኖስ ፊቷን አዞረች። በመጨረሻ አሸናፊ አባቱን ክንዱን ይዞ አወረደው። ውዱ አዲስ ጋቢ ለብሷል፤ ጅራፉን ግን ረስቶ ይዞት መጥቷል።

እምዬ ካሳነሽ በሩ ላይ ቆሙ። ጎረቤቱ ሁሉ ያያል።

"የማን ልጅ ነህ?"

አሸናፊ ላቡን ጠረገ። ዮርዳኖስን አየ፣ መሬቱን አየ።

"የባለጋሪው፣ የውዱ።"

እምዬ ካሳነሽ ከበሩ ዞር አሉ። "ውዱ፣ አንተ ቅደም" አሉ።