ከመስመሩ በታች

አባትየው ማውዙን ይዘው ቀዩን መስመር ወደ ላይ እየገፉ፣ ወደ ታች እየመለሱ እንደ ልጅ ይስቃሉ። ግራፉን በኤክሴል የሠራችው ታናሽየዋ ልጃቸው ናት። ሰማያዊዎቹ ነጥቦች ዶሮዎቹ በየቀኑ የጣሉት እንቁላል ነው፤ ቀዩ መስመር ደግሞ የመኖውን ወጪ ለመሸፈን ስንት እንቁላል እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ከሥር ያለችውን ቁልፍ ሲያንሸራትቷት የመኖው ዋጋ ይለወጥና መስመሩ አብሮ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከመስመሩ በላይ የዋለ ቀን ትርፍ፣ ከሥር የዋለ ቀን ኪሳራ ነው።

ታላቅየዋ ኩስ የነካ ጫማዋን እንዳደረገች በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ዶሮዎቹን ያበላችው፣ ያጠጣችው፣ ሲታመሙ አብራቸው ያደረችው እሷ ናት። አባቷ ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ እጅሽ ይባረክ አላሏትም። እቺ ደግሞ ገና በቅርቡ ከከተማ መጣች፣ አዲስ መኖ አስገዛች፣ አንድ መስመር አሰመረች፤ አለቀ፣ የቤቱ ንግሥት ሆነች! አዲሱ መኖ ካዋጣ እርባታውን ለእሷ ሊያስረክቧት እንደሆነም አባትየው ለጎረቤት ሲያወሩ ተሰምተዋል። ታላቅየዋ በቅናት አረረች።

እንቁላሉን እየቆጠረች ለእህቷ የምትነግረው ግን እሷው ናት። እና ምን አደረገች? አዲሱ መኖ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ትሪ እንቁላል እየቀነሰች በጓሮ በር ለኬክ ጋጋሪዋ ጎረቤት ትሰጣለች። በነፃ! ጋጋሪዋም ምርቃቷን ታዥጎደጉደዋለች።

አባትየው መስመሩን በአዲሱ መኖ ዋጋ ላይ ሲያቆሙት ሳቃቸው ቀረ። አዲሱ መኖ ከገባ ወዲህ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ከሥር ናቸው።

"ሚጢ፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል እንዴ?"

"አልተሳሳተም አባዬ። ያመጣሁት መኖ አልሠራም ማለት ነው" አለች ታናሽየዋ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የታላቅየዋ ልብ ቅቤ ጠጣ። እሰይ! በሐሳቧ የእህቷን ሻንጣ አዘጋጅታ አውቶቡስ ላይ ጫነችው።

አባትየው ግን አላቆሙም። መስመሩን ጎተት አድርገው በድሮው መኖ ዋጋ ላይ አወረዱት። አሁንም ነጥቦቹ ከሥር ናቸው። ወደ በሩ ዞሩ።

"ዶሮዎቹ አርጅተዋል ልጄ። በድሮውም አያዋጡም። ነገ ነጋዴ ጠርቼ ሁሉንም እሸጣቸዋለሁ። አንቺንም ዕድሜሽን ሙሉ አለፋሁሽ፤ ትንሽ ረፍት አድርጊ።"

ታላቅየዋ ክው አለች። ስንት ዓመት የጠበቀችው ደግ ቃል ዶሮዎቿ ሊሸጡ ሲሉ መጣላት። ቁጥሩን ሚጢ ናት አሳስታ የጻፈችው ብትል በቂ ነበር፤ አባቷ ያምኗታል፣ ዶሮዎቹም ይተርፋሉ፣ እህቷም ትሄዳለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ታናሽየዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ አየቻት።

"አትዝጊው" አለቻት። "አዲሱ መኖ ከገባበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ ላይ ሁለት ሁለት ትሪ ጨምሪ።"

"ከየት የመጣ ነው እትዬ?"

"እየደበቅሁብሽ ነበር።"

አባትየው ማውዙን ለቀቁት። ታናሽየዋ እህቷን አየት አድርጋ መስመሩን ወደ አዲሱ መኖ ዋጋ መለሰችና ቁጥሮቹን ማስተካከል ጀመረች። ነጥቦቹ ተራ በተራ እየዘለሉ ከቀዩ መስመር በላይ ወጡ። ታላቅየዋ ቀረብ ብላ ከትከሻዋ በላይ ስክሪኑን ተመለከተች።

"የመጀመሪያውን ቀን ዘለልሽው" አለቻት። "እሱንም ጨምሪ።"