ሽማግሌ ከቄድሮን

ጋሽ ፍቅረማርያም «ጓደኛ ሽማግሌ አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው። ልጃቸውን ሊያገባ የፈለገው ሊዮን ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን፣ አንደኛውን እንዲያውም ክራባት አሳስሮ ሊልክ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ፎርክሊፍት አብሮት የጠገነ ሁሉ ዘመዱ ነው እንዴ?» አሉ ለልጃቸው ለሰምሀል። «ሰውየው ዘር የለውም? ከሰማይ ነው የወረደው?»

«አባቱ ሞቷል አልኩህ እኮ አባዬ።»

«አባት ቢሞት አጎት አይጠፋም። ደሙን ይላክ።»

ሰምሀል ምላሷ ላይ የመጣውን ዋጠችው። እሷ ምላሷ ላይ የመጣውን የምትውጥ ሴት አይደለችም፤ ሆኖም ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላ ለራሷ ከማለች ቆይታለች። እዚያው ማታ ሊዮንን የሚኖሩባት ኮለምበስ፣ ሾርት ኖርዝ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ አስቀምጣ እንደ መርማሪ አፋጠጠችው።

«ዘሮችህ የት ነው ያሉት?»

ሊዮን ስልኩ ላይ የኦሃዮን ካርታ ከፈተና በጣቱ መንገድ ጀመረ። ቅድመ አያቶቹ ከስዊዘርላንድ ከመጡ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ጣቱ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ኪድሮን ላይ አረፈ፤ ከዚያ ሹገርክሪክ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ብላፍተን፣ ፓንዶራ፣ አርችቦልድ፤ ከዚያ ደግሞ ቁልቁል ኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ጭራሽ ራሱ ስዊዘርላንድ የሚባል ቀበሌ አለ። ኮለምበስ ላይ ሲደርስ ጣቱ ምንም ሳይነካ አለፈ።

«ምነው እንዲህ ተበተናችሁ? መሬት ፍለጋ ነው ወይስ ተጣልታችሁ?»

«ሁለቱም» አለ ሊዮን።

በሕይወት ያሉት የአባቱ ወንድሞች ሁለት ናቸው። ኤርቪን ገርበር ኪድሮን ላም ያልባል። ሮላንድ ገርበር ብላፍተን የሙዚቃ መምህር ነበር፣ ጡረታ ወጥቷል። ሁለቱ አይነጋገሩም። ለምን ብላ ስትጠይቀው ሊዮን ትከሻውን ነቀነቀ። እነሱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

በዕረፍት ቀኖቿ መኪናዋን አስነሥታ ሁለቱም ዘንድ ሄደች። ኪድሮን መንገዱ ላይ የፈረስ ጋሪ ቀድሟት፣ ማለፍ አቅቷት፣ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ኮረብታ ሙሉ የፈረስ ቂጥ እያየች ወጣች። ኤርቪን ከላሞቹ መካከል ሳይወጣ ሰማትና «መቼ?» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እሑድ ግን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ከቤቱ እንደማይንቀሳቀስ ነገራት፤ ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ። ብላፍተን ደግሞ ሮላንድ በሻይ ላይ ሻይ እየደራረበ ስለ ኢትዮጵያ ጠይቆ ጠይቆ፣ መልሱን ራሱ መልሶ፣ በመጨረሻ «በደስታ» አላት። በአንድ መኪና እንዲመጡ ስትጠይቅ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ።

ሥርዓቱን ለየብቻ በስልክ አስጠናቻቸው። ለኤርቪን የነገረችውን ለሮላንድ ትደግመዋለች፤ ሮላንድ የጠየቀውን ኤርቪንም ማወቅ ነበረበትና መልሳ ትደውልለታለች። ሲገቡ አይቀመጡም። ቆመው ጉዳያቸውን ይናገራሉ። ተቀመጡ ሲባሉ ይቀመጣሉ። ምግብ ሲቀርብ እምቢ አይባልም። አንድም ነገር አልቀረኝም ብላ በራሷ ኮራች።

አባቷን ያስደሰታቸው ደግሞ የአገሩ፣ የኪድሮን ስም ነው። «ቄድሮን? ጌታ የተሻገረው?»

«ላም የሚታለብበት ነው አባዬ።»

«አንቺ ዝም በይ። ከቄድሮን የመጣ ሰው ክፉ አይሆንም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ገርበሮች ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ካለው የጋሽ ፍቅረማርያም ቤት ደረሱ፤ ኤርቪን በፒክአፑ ቀድሞ፣ ሮላንድ በትንሽ መኪናው ተከትሎ። የምትጠየቅ ልጅ ሳሎን አትታይምና ሰምሀል ከእናቷ ከእትዬ ውባለም ጋር ኩሽና ተሸሽጋ በበሩ ክፍተት ታያለች። ሽማግሌዎቹ እንደተማሩት ቆሙ። ኤርቪን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ በዝግታ፣ «የወንድማችን ልጅ ሊዮን ልጅዎን ለማግባት ይፈልጋል። ልንጠይቅዎ መጥተናል» አለ። ሮላንድ ራሱን ነቀነቀ። ተቀመጡ ተባሉ፤ ተቀመጡ።

ጋሽ ፍቅረማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በአማርኛ ቢሆን የሚሉት የታወቀ ነው፦ ልጄ ገና ናት፣ ዘመድ ላማክር፣ ለዛሬ እሺ የምለው ነገር የለኝም፣ እግራችሁ ግን አይጥፋ። የሳቸው እንግሊዝኛ ግን ዕቃ የሚሸከሙበት የዌርሃውስ እንግሊዝኛ ነው፤ አንሳ፣ አውርድ፣ ተጠንቀቅ፣ አቁም። ስለዚህ ክብራቸውን ሁሉ አንድ ቃል ላይ ጭነው፦

«ኖ» አሉ።

«አቤት ሲያምርበት» አሉ እትዬ ውባለም በሹክሹክታ። ሰምሀልም ፈገግ አለች። አሁን ሽማግሌ ይለምናል፣ አባት ይግደረደራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል።

ኤርቪን ብድግ አለ። «በግልጽ ስለነገሩን እናመሰግናለን» ብሎ የጋሽ ፍቅረማርያምን እጅ ጨበጠና ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

የሰምሀል ፈገግታ ፊቷ ላይ ቀረ። የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አለመሆኑን ለማንም አልነገረችም። ውሃ ቁልቁል ይፈሳል ተብሎ ለማን ይነገራል?

ወጉን ጥላው በጓሮ በር ወጣችና ዞራ ፒክአፑ ዘንድ ደረሰች። ኤርቪን ሞተሩን አስነሥቶ፣ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ ያያል።

«ጋሽ ኤርቪን፣ ይመለሱ። አባዬ አልከለከለም።»

«ኖ ብሎኛል።»

«በእኛ ወግ የመጀመሪያው ኖ መልስ አይደለም። ሽማግሌ እስኪመላለስ ነው።»

«ለምን ይለዋል ታዲያ?»

ሰምሀል ልጅ በርካሽ አይሰጥም ልትል ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስታስበው የከብት ገበያ ወሬ መሰለባትና ተወችው።

«እኛ በቤተ ክርስቲያናችን አንምልም» አለ ኤርቪን። «አዎ ያልነው አዎ፣ አይደለም ያልነው አይደለም እንዲሆን ነው የተማርነው። የሰው ቃልም እንደዚያው ነው የምቀበለው። አባትሽን ውሸታም ላደርገው አልፈልግም።»

«ታዲያ ለምን አልሄዱም?»

ኤርቪን በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። የሮላንድ ትንሽ መኪና ከፒክአፑ ቂጥ ተለጥፋ ቆማለች። ሮላንድ እንደሆነ ሳሎን ውስጥ የቀረበለትን እየበላ ነው።

«መኪናውን እንዲያነሣ ንገሪው።»

«ራስዎ ይንገሩት። ወንድምዎ ነው።»

ሞተሩ ያጉረመርማል። ሰምሀል ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቀን በሁለት ሽማግሌዎች ኩርፊያና በአንድ ቃል መሃል ተቀርቅሮ ቀረ።

«ምንድነው?» ጋሽ ፍቅረማርያም ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ። «ምነው ሽማግሌው በረረ? ገና ቀጠሮ ሳልሰጠው።»

«ኖህን አምኖህ ነው አባዬ። ደግሞም መውጣት አልቻለም፣ ወንድሙን መኪናህን አንሣ ማለት አይችልም። አይነጋገሩም።»

«ምን?»

«ተኳርፈዋል። ከድሮ ጀምሮ።»

የአባቷ ፊት ሲለወጥ አየች። እኚህ ሰው የዕድራቸውን ጠብ ሁሉ ሲዳኙ የኖሩ ናቸው፤ የተጣላ ሰው ሲያዩ ርቦት የወጥ ሽታ እንደመጣለት ሰው ይሆናሉ።

«የአንድ እናት ልጆች? ተኳርፈው የሰው ልጅ ሊጠይቁ መጡ?» የፒክአፑን በር ከፍተው የኤርቪንን ክንድ ያዙ። «ካም» አሉት። «ሲት። ብራዘር።»

ኤርቪን ክንዱን ሊያስለቅቅ ሞከረ። ጋሽ ፍቅረማርያም ሠላሳ ዓመት ዕቃ የተሸከመ እጅ ነው ያላቸው። ወረደ።

«አባዬ፣ የእኔስ ጉዳይ?»

«ያንቺ ይደርሳል። የተጣላ ሰው ያመጣውን ጥያቄ ቤቴ አላስገባም። ግቢ፣ እናትሽን ሌላ ሳህን በያት።»

በበሩ ክፍተት አየቻቸው፤ ሁለቱ ገርበሮች በሶፋው ሁለት ጫፍ፣ አባቷ መሃል፣ በሁለት እጃቸው የሁለቱን ጉልበት ይዘው። ኤርቪን፣ ያለ መሣሪያ በሚዘመርበት ቤተ ክርስቲያን በአባታቸው ቀብር ላይ ሮላንድ ይዞት ስለመጣው ኦርጋን አንድ ነገር አለ። ሮላንድ ሹካውን አስቀመጠ። ጋሽ ፍቅረማርያም ግማሹን እንኳ ሳይገባቸው «እሺ፣ ኦኬ፣ ከዚያስ?» ይላሉ።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ሊዮን እዚያው ቅርብ፣ ዎርዝንግተን ካለ ነዳጅ ማደያ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ምን አለ? የስ ነው ኖ?»

ሰምሀል ግንባሯን ማቀዝቀዣው ላይ ደገፍ አደረገች።

«ወደ ቤትህ ሂድ» አለችው። «ወረፋ ላይ ነን። ከፊታችን አጎቶችህ አሉ።»