የብኸይታ ቦይ

ዐዋጢፍ ከሱዳን ስትመለስ መንደሯን ያወቀችው በማንጎዎቹ ነው። ቤቶቹ ፈርሰዋል፤ የመስጊዱ ጣሪያ ተነቅሏል፤ አጥር የሚባል ነገር አልቀረም። ማንጎዎቹ ግን እንደቆሙ ናቸው። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከኮረብታ ሥር በምትገኘው በዚያች የበርታ መንደር፣ በጦርነቱ ጊዜ ያልሸሸ ቤተሰብ አልነበረም። መንግሥት ተለውጦ፣ ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ፣ አሶሳ ላይ ቢሮዎች መከፈት ሲጀምሩ ሰዉ አንድ በአንድ ተመለሰ።

ውሃው ግን አልተመለሰም። ድሮ ከኮረብታው ጀርባ ካለው ወንዝ ተጠልፎ፣ የኮረብታውን ወገብ ይዞ እየዞረ መንደሩ ድረስ የሚወርድ ቦይ ነበር። ያስቆፈረችው የዐዋጢፍ ቅድመ አያት ብኸይታ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች ይባላል። ወንዶቹ “ውሃ ኮረብታ አይወጣም” ሲሏት “ማን ይውጣ አለው? በጎን ይሂድ” ብላ፣ በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ ዘመድ ጎረቤቱን እየለመነች፣ ትንሽ ትንሽ እያስቆፈረች ጨረሰችው። የጓሮው ሽንኩርትና ባምያ፣ የመስጊዱ የውዱእ ውሃ፣ ማንጎዎቹም ራሳቸው የዚያ ቦይ ልጆች ናቸው። ሰዉ ሲሰደድ ቦዩን የሚጠርገው ጠፋ። አፈር ሞላው፤ ሣር ዋጠው። ሴቶቹ በበጋ እንስራ ተሸክመው እስከ ወንዙ መሄድ ያዙ።

በ1988 ዓ.ም. ዝናቡ እንዳባራ ዐዋጢፍ አጎቷን ጀዕፈርን “ቦዩን እንጥረገው” አለችው። ጀዕፈር የመንደሩ ሽማግሌ ነው፤ ቁጡ ግን ሰው የሚሰማው። በአርብ ሶላት ላይ ተናገረ፤ ሰዉም ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ። ሥራው ገና እንደተጀመረ መንገድ ቀያሾች መጡና ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ካስማዎች ተከሉ። ካስማዎቹ ከመንደሩ በላይ ቦዩን አቋርጠው አለፉ።

መንገዱን ሰው ሁሉ የለመነው ነው። ዐዋጢፍም ከለመኑት አንዷ ነበረች። ታናሽ እህቷ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ አሶሳ ስትወሰድ ነው መንገድ ላይ የቀረችው። ስለዚህ ካስማዎቹን ስታይ “ንቀሉ” ማለት አልቻለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መንገድ ሠሪዎቹ ሰፈር ሄደች።

የሥራው ኃላፊ ዲሳሳ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው፤ የወለጋዋ የመንዲ ከተማ ልጅ። ሣጥን ገልብጦ አስቀመጣት።

“መንገድ እንፈልጋለን” አለችው። “እኔ በጣም እፈልጋለሁ። ግን ካስማው ቦዩ ላይ ነው። አፈር ይሞላል?”

“ይሞላል እናቴ። ጥናቱን ያጠኑት ሰዎች ሲያልፉ ውሃ አላዩበትም። ፕላኑ ላይ ደረቅ ጉድባ ነው የሚለው።”

“እኛ ሱዳን ነበርን። ማን ይጠርገዋል? ይሄ ቦይ አያቴ ብኸይታ ነው ያስቆፈረው።”

“አያትዎ ብርቱ ሰው ነበሩ” አለ ዲሳሳ። “መሬቱን አይቼዋለሁ፤ ለዚህ ሥራ ወንድ የሚባል ወንድ ያስፈልጋል።”

“ወንድ አይደለም። ሴት ነው” አለች ዐዋጢፍ፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር።

ዲሳሳ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ፊቱ ከበደ። “ልዋሽዎት አልፈልግም። እኔ ብቻዬን ፕላን አልለውጥም። በኅዳር መጨረሻ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ውሃ ሲሄድ በዓይኑ ካየ፣ ከመንገዱ ሥር ቱቦ እንዲገባ መፍቀድ ይችላል። ደረቅ ጉድባ ካየ ግን ሙላው ይለኛል፤ እኔም እሞላዋለሁ። የምችለው ዶዘሩን ከወዲያኛው ጫፍ ማስጀመር ነው።”

“ይበቃል” አለች። “አላህ ይስጥህ።”

ከዚያን ቀን ወዲህ መንደሩ በሙሉ ቦዩ ውስጥ ዋለ። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ አፈሩን በቅርጫት ያወጣሉ። ቁፋሮው ከመንደሩ ተነሥቶ ወደ ወንዙ እየወጣ፣ የኮረብታውን ወገብ ይዞ ከገረሱ አጥር ደረሰና ቆመ።

ገረሱ ከወለጋ የመጣ ገበሬ ነው፤ ከባለቤቱ ከብሪቱና ከልጆቻቸው ጋር። መንደሩ ባዶ በነበረበት ጊዜ ቀበሌው ያንን መሬት መራው። የድሮው ቦይ በእርሻው መካከል ያልፋል። ገረሱ ጎድጎድ ያለውንና እርጥበት የሚይዘውን ቦታ ሲያገኝ ከአባቱ ጓሮ ያመጣውን የቡና ችግኝ ተከለበት። ቡናው ዘንድሮ ነው መጀመሪያ ያፈራው። ዐዋጢፍና ጀዕፈር ሲደርሱ ፍሬው ቀልቶ ነበር።

“መሬቱን ስመራ ሰው አልነበረበትም፣ እቴ” አላት ገረሱ። “ቦይ መሆኑንም የነገረኝ የለም።”

“እውነት ነው። አንተ አላጠፋህም።”

“ይኸው እዪው። ገና አንዴ እንኳን አልለቀምነውም። ቡና ማሳደግ ልጅ ማሳደግ ነው። ንቀል አትበይኝ።”

ጀዕፈር ደሙ ፈላ። “ወረዳ እንሂድ” አለ። “ቦዩ ከእሱ በፊት ነበር። ምስክር ሞልቶናል።”

“ከወረዳ ስንመለስ መንገዱ አልቆ ይጠብቀናል” አለች ዐዋጢፍ። ገረሱንም “በል ደህና ዋል” ብላው ወጣች። የሰውየው ፊት ከብዷት ነበር። ሰው ድካሙን ትቶ መሄድ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች።

ከእርሻው በላይ ዞረው ሊቆፍሩ ሞከሩ። ድንጋይ ነው። ዶማው እሳት ይተፋል እንጂ አይገባም። ጀዕፈር በመጨረሻ ዶማውን ጥሎ ተቀመጠ፤ ሌሎቹም ተቀመጡ። ኅዳር እየገፋ ነው፤ የዶዘሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ያን ቀን ሁሉም ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ዐዋጢፍ ዕቃዋን ለመሰብሰብ ስትወጣ ከገረሱ እርሻ የዶማ ድምፅ ሰማች። ገረሱ ጉልበቱ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የቡናውን እግር ዙሪያውን ይቆፍራል። ብሪቱ ሥሩን ከነአፈሩ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ታስራለች። የነቀሉት ቡና ጥላ ሥር ተደርድሯል። ቀይ ፍሬው እንዳለ ነው።

ዐዋጢፍ ወደ አጥሩ ቀረበች። ብሪቱ ቀና ብላ አየቻትና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

“ነይ፣ እቴ” አለቻት። “እዚህ የመጣን ዓመት እህላችን ሳይደርስ ስንቃችን አለቀ። ልጆቹ ትንንሽ ነበሩ። ከታች ካለው ባዶ መንደር ማንጎ እየለቀምን ነው እስከ እሸት የደረስነው። የማን እንደሆነ የምንጠይቀው ሰው አልነበረም። ስንበላ ‘ባለቤቱን ባለበት ጠብቀው’ እያልን እንጸልይ ነበር። ትናንት ገረሱን ‘ያቺ ሴት የማን ወገን ናት?’ ብለው ‘የማንጎዎቹ ባለቤት ናት’ አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ወሬ አለው?”

ገረሱ አንገቱን አላቀናም። “አንዳንዱ ይጸድቅ ይሆናል” አለ ወደ ቡናው እያየ።

ዐዋጢፍ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሱዳን ሳለች ግንቦት በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ ማንጎ የሚቀምሰው አጥቶ ሲረግፍ፣ አፈር ላይ ሲበሰብስ በዓይነ ሕሊናዋ ታይ ነበር። ከጠፋባት ነገር ሁሉ ያ ነበር የሚያስለቅሳት፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም አይገባትም። አሁን ግን በከንቱ እንዳልረገፈ ሰማች። ልጆች በልተውታል። በማታውቀው አገር ሳለች የማታውቃቸው ሰዎች ጸልየውላታል። ጥቂት አለቀሰችና ተነሥታ ከብሪቱ ጎን ቡናውን ትጠቀልል ጀመር።

ጀዕፈር ደርሶ የሆነውን አየ። ከዚያ ወደ ገረሱ ሄዶ ዶማውን ከእጁ ወሰደና “አንተ ትንሽ ዕረፍ” አለው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ፈጠነ። ከገረሱ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ መጡ፤ በኦሮምኛ እየዘመሩ ይቆፍራሉ። የበርታ ልጃገረዶች ደግሞ በራሳቸው ዜማ ይመልሱላቸዋል። ወንዙ አጠገብ ድንጋይ ከምረው ውሃውን ጠለፉ።

ውሃው የተለቀቀው ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ነው። ከገረሱ እርሻ እንዳለፈ ግን ጠፋ። ለካ ምስጥ ከቦዩ ሥር መሬቱን ቦርቡሮት ኖሯል፤ የመጣው ውሃ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ገረሱ ሳያመነታ ዘሎ ገባ። ጭድና ሸክላ አፈር አቀብሉኝ አለ። ዐዋጢፍና ብሪቱ ጭቃ እያቦኩ ይወረውሩለታል፤ እሱ በእግሩ ይረግጣል።

ዲሳሳ ወሬውን ሲሰማ ተቆጣጣሪውን መጀመሪያ ድንጋይ የሚወጣበትን ቦታ ላሳይዎት ብሎ ይዞት ሄደ። ያም አለቀ። ካስማዎቹ ጋ ሲደርሱ ቦዩ ደረቅ ነው።

“የታለ ውሃው?” አለ ተቆጣጣሪው። ጠና ያለ፣ ከመንገድ ብዛት የደከመው ሰው ነበር።

“እየመጣ ነው” አለ ዲሳሳ።

“ውሃ ቀጠሮ ይይዛል እንዴ?”

ጀዕፈር ዛፍ ሥር ሰሌን አነጠፈለት። “ተቀመጥ ልጄ” አለው። “እንግዳ ይጠበቃል። ውሃውም ለእኛ እንግዳ ነው፤ ብዙ ዓመት ቆይቶብናል።”

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ ተቀመጠ። ሰዉ ዳርና ዳር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ መጀመሪያ የመጡት አንበጣዎች ናቸው፤ ከደረቁ ሣር ውስጥ እየዘለሉ ይወጡ ጀመር። ከኋላቸው ውሃው መጣ፤ ቢጫ፣ አረፋ የደፈቀ፣ ቅጠሉን ሁሉ እየገፋ። ካስማዎቹ መካከል አልፎ ወደ መንደሩ ቁልቁል ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጀዕፈር ሁለት እጁን ለዱዓ ዘረጋ።

ተቆጣጣሪው ተነሥቶ በቦዩ ዳር ወደ ላይ ሄደ። እስከ ጉድጓዱ ደርሶ በጭቃ የተለወሱትን ሦስቱን ሰዎች አይቶ ሰላምታ ሰጣቸውና ተመለሰ።

“ቱቦ አስገባበት” አለው ዲሳሳን። መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ደግሞ ዞር አለ። “ሁለት አድርገው። ክረምት ላይ አንዱ ይደፈናል።”

ዲሳሳ ሁለት አስገባ። መንገዱ በላዩ አለፈ፤ ውሃውም ከሥሩ።

ከተነቀለው ቡና ገሚሱ ደረቀ፤ ገሚሱ ጸደቀ። ቡና ጥላ ይወዳልና ዐዋጢፍና አጎቷ ከማንጎዎቹ ሥር፣ ቦዩ የሚያጠጣውን ቦታ ለገረሱ ሰጡት፤ ቡናውን እዚያ ተከለው። ዐዋጢፍ ግን ይህ አልበቃትም። ምስጋናዬን በአፌም ልናገር ብላ የገረሱን ቤተሰብ ጠራች። የእስላም ሥጋ ለእነሱ አይሆንምና ገንፎ አገነፋች፤ በባምያ ወጥ። ሰሌኑ ከቦዩ ዳር ተነጠፈ። ዲሳሳም ሰፈሩን ነቅሎ ወደ ፊት ሊሄድ ሲሰናበት ደርሶ ተቀመጠ።

ዐዋጢፍ የምትናገረውን በአማርኛ አዘጋጅታ ነበር። ስትጀምር ጠፋት። ወደ በርታ ገባች፤ ከዚያ ወደ ዐረብኛ። ገረሱ አንዱንም ሳይሰማ ራሱን እየነቀነቀ ቆየና “እቴ፣ ገንፎው እየበረደ ነው” አላት።

ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን አልተወችውም። እጇን ዘርግታ ለገረሱ፣ ለብሪቱ፣ ለልጆቻቸው፣ ለመሐንዲሱ፣ ስሙን ለማታውቀው ተቆጣጣሪ ሳይቀር መረቀች። በሰሌኑ ወዲያ ያሉት “አሚን” አሉ፤ ወዲህ ያሉት “አሜን”። ብሪቱ “ገለቶሚ” ብላ በኦሮምኛ አመሰገነቻትና የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሰቻት።