የባረንድ አበባ እንቅልፍ

ሂልኬ በሆላንድ የአበባ ከተማ በአልስሜር ባለ አንድ የአበባ መፈተሻ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የተቆረጠ አበባ ውሃ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ እያየች፣ የሞተበትን ቀን መመዝገብ ነው። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ካርኔሽን የሚባሉትን የባረንድን አበባዎች ስታይ ግን መዝገቡን አስቀመጠች። አሥሩም የአበባ ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ አጥፈዋል። የአበባ ሰዎች ይህን «እንቅልፍ» ይሉታል፤ ከዚህ እንቅልፍ የሚነቃ የለም።

ሽማግሌው ባረንድ ይህን ዝርያ ለማውጣት አሥራ አንድ ዓመት ለፍቷል። አሥራ አራት ቀን ከቆመለት ገዢ ያገኛል፤ ካልቆመለት የለም።

ሰው አበባ ሲጠወልግ ውሃ ያነሰው ይመስለዋል። ምን ውሃ አመጣው! ሂልኬ ጉዱን በማይክሮስኮፕ ስንቴ አይታዋለች። አንዲት ጋዝ «በቃህ» ስትለው እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱን ሆድ ዕቃ መብላት ይጀምራል፤ ስኳሩን ዘር ወደሚያዝበት ይልካል፤ በመጨረሻ መሃሉ ያለው የውሃ ከረጢት ይፈነዳና ያልቃል። ጋዟን አበባው ራሱ ያወጣታል። የበሰለ ፍሬም ያወጣታል።

ለማወዳደሪያ ከጎናቸው የተቀመጠው፣ ከዘጠኝ ቀን ዝንፍ የማይለው የታወቀ ዝርያም ተኝቷል። ያኔ ዞር ብላ፣ ሰሞኑን ድካም እያዘናጋት በሩ ጀርባ የምትሰቅለውን ካፖርቷን አየች። እዚህ ክፍል ካፖርት አይሰቀልም፣ ፍሬ አይገባም፤ ደንቡን ለአዲስ ሠራተኛ የምታስተምረው እሷው ናት። ከኪሶቹ አምስት ፖም ወጣ። እናቷን የመርሳት በሽታ ከያዛት ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት የስልሳ ዓመት ልጇን ትምህርት ቤት የምትሸኝ እየመሰላት ኪሷ ፖም ትከትላታለች።

«ስድስት ቀን» ብላ ብትጽፍ ማንም አይጠይቃትም። ደክሟታል፤ እናቷን ስታነሳና ስታስተኛ እያደረች አጥንቷ ድረስ ደክሟታል። ቢሆንም ለባረንድ ደወለች።

ባረንድ መጥቶ አበባዎቹንም ፖሞቹንም አየ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ የእናቷን ነገር አጫወተችው። «ፈተናውን ሰርዤዋለሁ። ሌላ ያምጡልኝ።»

«ከየት ላምጣልሽ? ሌላ እስኪያብብ ስድስት ወር ይፈጃል። አበባዬን የማበቅልበትን ግሪንሃውስ ሰኞ ያፈርሱታል። እኔም ሰማንያ አንድ ሞልቶኛል።»

ሂልኬ አለቀሰች።

«በይ ተይ» አላት። «ታዲያ ፖሙን መብላት ነበረብሻ፣ አንቺ ሰነፍ ተማሪ!» ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። አንዱን የተኛ አበባ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሂልኬ እናቷን «ከእንግዲህ በቃ» ልትላት ቆርጣ ነበር። የእናቷ እጅ ግን ፖም ይዞ ካፖርቱ ላይ ሲንከራተት፣ ኪሱን ከፍታ ያዘችላት።

«እንዳይርብሽ፣ ልጄ።»

«እሺ፣ እማ።»

የመፈተሻ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ውጭ ቆመች፤ እያለቀሰች ፖሙን እስከነ ዘሩ በላችው።